በፖከር ብለፍን ማሳየት

በፖከር ብለፍን ማሳየት ማለት በደካማ ካርታ ከፍ ያለ ውርርድ አስይዞ ተጋጣሚዎቹን ያስጣለ ተጫዋች፣ ደንቡ ሳያስገድደው የራሱን ካርታ ገልብጦ ለጠረጴዛው ማሳየቱ ነው። በፖከር ሌሎቹ ሁሉ ካርታቸውን ከጣሉ፣ ብቻውን የቀረው ተጫዋች ምን እንደያዘ ሳይናገር የመሃሉን ገንዘብ መውሰድ ይችላል። ስለዚህ ካርታውን ሲገልጥ ማንም ያልጠየቀውን መረጃ በነጻ እየሰጠ ነው። ይህ መረጃ ለሰጪው ይጠቅመው እንደሆነ፣ በተሸነፈው ሰውና በሌሎቹ ተጫዋቾች ላይስ በደል ያደርስ እንደሆነ በተጫዋቾችና በውድድር ዳኞች ዘንድ ሲያከራክር የቆየ ጉዳይ ነው።

ብለፍ እና ስያሜው

«ብለፍ» ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ቃል ነው። በአማርኛ «ጉራ»፣ «ማስፈራራት» እና «ማታለል» የሚሉት ይቀርቡታል፤ ነገር ግን አንዳቸውም በልኩ አይገጥሙም። ጉራ በአፍ ብቻ ነው፣ ብለፍ ግን ገንዘብ ይወጣበታል። ማታለል ደግሞ ድርጊቱን ወንጀል ያስመስለዋል፤ በፖከር ብለፍ የጨዋታው አካል እንጂ ከደንብ መውጣት አይደለም። በዚህ ምክንያት ቃሉ እዚህ እንዳለ ተወስዷል።

በዛሬው ጊዜ በብዛት የሚታወቀው የፖከር ዓይነት «ቴክሳስ ሆልደም» ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ሌላ ሰው የማያየው 2 ካርታ ይታደለዋል። ከዚያ በመሃል ለሁሉም የሚያገለግሉ 5 ካርታዎች በፊት ለፊታቸው ይዘረጋሉ፦ መጀመሪያ 3 በአንድ ላይ፣ ቀጥሎ 1፣ በመጨረሻ 1። በየደረጃው ውርርድ አለ። ተራው የደረሰ ተጫዋች ከእርሱ በፊት የተያዘውን ገንዘብ አሟልቶ ሊቀጥል፣ በላዩ ሊጨምር፣ ወይም ካርታውን ጥሎ ሊወጣ ይችላል። ጨዋታው በሁለት መንገድ ያልቃል። እስከ መጨረሻ የቀሩት ካርታቸውን ገልጠው ጠንካራው ያሸንፋል፤ ወይም ደግሞ አንዱ ሲያስይዝ ሌሎቹ ሁሉ ይጥላሉ፣ ካርታም ሳይታይ ያበቃል። ብለፍ የሚሳካው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ብቻ ነው፤ የተሳካ ብለፍ ባለቤቱ ካላሳየው በቀር ማንም አያየውም ማለት ነው።

ጨዋታው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ፣ በኒው ኦርሊንስና በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በሚመላለሱ የእንፋሎት መርከቦች ዙሪያ ሲስፋፋ በ20 ካርታ ይጫወቱት ነበር። በዚያ ዘመን በአንዳንድ የካርታ መጻሕፍት የጨዋታው ስም ራሱ «ብለፍ» ነበር።

ለምን ይታያል? የፎን ኖይማን መልስ

ስለ ብለፍ በሒሳብ ዓይን አስቀድመው ከጻፉት አንዱ የሃንጋሪ ተወላጁ ጆን ፎን ኖይማን ነው። በኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ዘንድ ስሙ የሚነሳው በማሽን አሠራር ንድፉ ነው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው ጥናት፣ ኋላም በ1944 ከኢኮኖሚስቱ ኦስካር ሞርገንስተርን ጋር ባወጣው የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው። በ1944ቱ መጽሐፍ ፖከር ራሱን የቻለ ሰፊ ቦታ አለው።

ፎን ኖይማንና ሞርገንስተርን ለብለፍ ሁለት ምክንያት ሰጥተዋል። አንደኛው ግልጽ ነው፦ ደካማ ሆኖ ጠንካራ ለመምሰል። ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፦ ጠንካራ በሆኑ ጊዜ ደካማ ሊሆኑ ይችላሉ ተብሎ ለመጠርጠር። ጥሩ ካርታ ሲይዝ ብቻ የሚያስይዝ ሰው ባስያዘ ቁጥር ሁሉም ይጥሉለታል፤ ስለዚህ ከጥሩ ካርታው የሚያገኘው ትንሽ ነው። አንዳንድ ጊዜ ብለፍ የሚያደርግ፣ አንዳንድ ጊዜም የሚያዝ ሰው ግን ጥሩ ካርታ ሲይዝ የሚከፍለው ያገኛል። በዚህ አመለካከት በብለፍ ተይዞ የጠፋ ገንዘብ ሁሉ ኪሳራ አይደለም፤ ከፊሉ ለወደፊቱ የተከፈለ ዋጋ ነው።

ብለፍን የማሳየት ሐሳብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሲያዙ የሚገኘውን ጥቅም፣ ማለትም «ይህ ሰው ባዶ እጁን ያስይዛል» የሚለውን ስም፣ ገንዘብ ሳያጡ ማግኘት ይቻላል። ብለፉ ተሳክቷል፣ ገንዘቡ ተወስዷል፣ ካርታውም ታይቷል። የፖከር ተጫዋቾች ይህን «ማስታወቂያ» ይሉታል። ማስታወቂያው ያለ ክፍያ የመጣ ቢመስልም የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ፤ ይህን ለማየት ጥቂት ስሌት ያስፈልጋል።

ስሌቱ

በመሃል 100 ቺፕ አለ እንበል። ተጫዋች ሀ 100 ቺፕ ያስይዛል፤ ተጫዋች ለ አሟልቶ ለመቀጠል 100 መክፈል አለበት። የሀ ካርታ ባዶ ከሆነ፣ ለ ሲጥል ሀ 100 ያገኛል፣ ለ ሲያሟላ 100 ያጣል። ስለዚህ ብለፉ እንዳይከስር ለ ቢያንስ ከሁለት ጊዜ አንዱን መጣል አለበት። በለ በኩል ደግሞ 100 ከፍሎ 200 የማግኘት ዕድል ስላለው፣ ከሦስት ጊዜ አንዱን ካሸነፈ አይከስርም። በዚህ የውርርድ መጠን ሚዛኑ የሚጠበቀው ሀ ከሚያስይዛቸው ሦስት አንዱ ብለፍ ሲሆንና ለ ከሁለት አንዱን ሲያሟላ ነው።

አሁን ሀ አንድ ብለፍ አሳየ። ለ ተናደደ ወይም ተጠራጠረና ከዚያ በኋላ ከ100 ጊዜ 80 ጊዜ ማሟላት ጀመረ። ሀ እርግጠኛ አሸናፊ ካርታ በያዘ ጊዜ ቀድሞ ከውርርዱ በአማካይ 50 ቺፕ ያገኝ ነበር፤ አሁን 80 ያገኛል። 30 ቺፕ ትርፍ ነው። ነገር ግን ሀ እንደገና ብለፍ ከሞከረ ከ100 ጊዜ 20 ጊዜ ብቻ ይሳካለታል፤ ከእያንዳንዱ ሙከራ በአማካይ 60 ቺፕ ያጣል። አንድ ብለፍ ማሳየት ቀጣዮቹን ብለፎች ይሸጣል፣ በምትኩ ቀጣዮቹን ጥሩ ካርታዎች ያስወድዳል።

ስለዚህ ካሳዩ በኋላ ጨዋታን መለወጥ ግድ ነው። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ብለፍ አሳይተው ለተወሰነ ጊዜ ባዶ እጃቸውን አያስይዙም። ችግሩ ጥሩ ካርታ በፈለጉት ሰዓት አለመምጣቱ ነው። ካርታው ከሰዓት በኋላ ቢመጣ ያ ትዝታ ደብዝዞ ይሆናል፤ በውድድር ላይ ደግሞ ተጫዋቾች ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ስለሚዘዋወሩ ብለፉን ያየው ሰው ጭራሽ እዚያ ላይኖር ይችላል። ማስታወቂያው ዋጋ የሚኖረው ያየው ሰው አብሮ ሲቆይና ሲያስታውስ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው፣ ጠንካራ ካርታን ማሳየት፣ ብዙም አይወራለትም፤ ነገር ግን በብዙ ጠረጴዛ ላይ የተሻለ ያዋጣል። ተጋጣሚው ከጣለ በኋላ «መጣልህ ልክ ነበር» ብሎ ጥሩ ካርታ የሚያሳይ ሰው፣ ያንን ሰው ለቀጣይ ጊዜም እንዲጥል እያለማመደው ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ብለፍ ርካሽ ይሆናል። ተጋጣሚውም አይቀየምም።

ዴቪድ ስክላንስኪ የተባለው ጸሐፊ «የፖከር መሠረታዊ ቴዎረም» ብሎ የሰየመው መርህ ለዚህ ሁሉ ጥላ ይሆናል። ተጋጣሚዎችህ ካርታህን ቢያዩ ኖሮ ከሚጫወቱት በተለየ መንገድ በተጫወቱ ቁጥር ታተርፋለህ፤ እንደዚያው በተጫወቱ ቁጥር ትከስራለህ ይላል። ከዚህ የሚመነጨው ተራ ምክር ምንም አለማሳየት ነው፤ ለጀማሪ ይህ ምክር ይበቃዋል።

ተመርጦ የቀረበ ማስረጃ

ብለፍን ማሳየት ከመዋሸት የሚለይበት አንድ ነገር አለ፦ የታየው ካርታ እውነት ነው። ማንም ሊክደው አይችልም። ተጋጣሚው የሚሳሳተው የታየው ውሸት ስለሆነ ሳይሆን፣ ያልታየውን ስለሚረሳ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ተጫዋች 30 ጊዜ ከፍ ያለ ውርርድ አስይዞ 30ውንም ጊዜ ተጣለለት እንበል። ከእነዚህ 10ሩ ብለፍ፣ 20ው ጠንካራ ካርታ ነበሩ። ከብለፎቹ 5ቱን አሳየ፤ ከጠንካራዎቹ አንድም አላሳየም። በጠረጴዛው ያለ ሰው ዓይኑ ያየው 5 ካርታ ነው፤ አምስቱም ባዶ ናቸው። «ይህ ሰው ሁልጊዜ ብለፍ ነው» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፤ እውነቱ ግን ከሦስት አንድ ነው። ይባስ ብሎ ሳይታዩ ከቀሩት 25 ውርርዶች ብለፍ የነበሩት 5 ብቻ ናቸው፤ ከአምስት አንድ።

ለመረጃ ትንተና ተማሪዎች ይህ የታወቀ ችግር ነው። ሳይታዩ ያለቁ ጨዋታዎች የጎደሉ መረጃዎች ናቸው፤ የጎደሉትም በአጋጣሚ ሳይሆን በባለቤቱ ፈቃድ ነው። ናሙናውን የመረጠው ራሱ የሚጠናው ሰው በሆነበት ቦታ የናሙናውን አማካይ መውሰድ ያስታል። ትክክለኛው ጥያቄ «ምን አሳየኝ?» ሳይሆን «ለምን ይህን አሳየኝ? ምን ሲይዝ ነው የማያሳየው?» የሚለው ነው። በኢንተርኔት ፖከር በሺዎች የሚቆጠሩ ጨዋታዎችን የሚመዘግቡ ፕሮግራሞች አሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ተጥሎ ያለቀን ጨዋታ ካርታ ማወቅ አይችሉም፣ ባለቤቱ «አሳይ» የሚለውን ቁልፍ ካልተጫነ በቀር።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም የፖከር ውድድር (ወርልድ ሲሪዝ ኦፍ ፖከር) አሸናፊ የነበረው ጃክ ስትራውስ፣ በቁመቱ የተነሳ «ትሪቶፕ» የሚባለው ተጫዋች፣ በአንድ የገንዘብ ጨዋታ 7 እና 2 ያዘ። በሆልደም ከዚህ የከፋ መነሻ ካርታ የለም ይባላል። በመሃል 7፣ 3፣ 3 ወጣ፤ የተጋጣሚው ሁኔታ ግን ከ7 የሚበልጥ ጥንድ እንደያዘ ይናገር ነበር። አራተኛው ካርታ 2 ሆነ፤ ለስትራውስ ምንም አልጨመረለትም። ቢሆንም ትልቅ ገንዘብ አስያዘ። ተጋጣሚው ሲያመነታ ስትራውስ አንድ ሐሳብ አቀረበለት፦ 25 ዶላር ክፈለኝና ከሁለቱ ካርታዎቼ የመረጥከውን ላሳይህ። ሰውዬው ከፍሎ አንዱን ጠቆመ፤ 2 ወጣች። የትኛውንም ምረጥ ካለ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ነው ብሎ አሰበ፤ ሁለት 2 ከመሃሉ ጋር ሲደመር ሦስት 2 እና ሁለት 3፣ ማለትም «ፉል ሃውስ» ይሆናል። ካርታውን ጣለ። ታሪኩ አል አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ላስ ቬጋስ ፖከር ባሳተመው መጽሐፍ ከተሰራጨ ወዲህ በየጊዜው ይነገራል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ስትራውስ አንድም የሐሰት ቃል አልተናገረም። የታየችው 2 እውነተኛ ናት። ውሸቱን የሠራው የተጋጣሚው ጭንቅላት ነው። ሰባቷን መርጦ ቢሆን ኖሮ ማስረጃው ይህን ያህል አያሳስትም ነበር፤ 7ን ከሌላ ካርታ ጋር ይዞ መቀጠል ያለ ነገር ነው፣ 2ን ይዞ ትልቅ ገንዘብ የሚያስይዝ ግን ጥንድ ካልሆነ በቀር አይጠበቅም። ዛሬ በውድድር ላይ ይህ አይፈቀድም፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ይታያል።

ደንቡ ምን ይላል

ጨዋታው ካለቀ በኋላ የራስን ካርታ ማሳየት በአብዛኛው የተፈቀደ ነው። ደንቡ የሚጠብቀው ሁለት ነገሮችን ነው፤ ለማን እንደሚታይና መቼ እንደሚታይ።

ለማን ለሚለው «ለአንዱ ካሳየህ ለሁሉም አሳይ» የሚል የቆየ መርህ አለ። ተጫዋቹ ካርታውን ለጎረቤቱ ብቻ ብልጭ አድርጎ ቢጥል፣ በጠረጴዛው ያለ ማንኛውም ሰው እንዲገለጥ መጠየቅ ይችላል። ለወዳጅ ብቻ የታየ ብለፍ ለሌሎቹ በሙሉ የተዘጋ መረጃ ነው፤ እኩል ገንዘብ ከፍለው የተቀመጡ ሰዎች እኩል ማወቅ አለባቸው።

መቼ ለሚለው ደግሞ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው እያለ ካርታ መግለጥ በውድድር ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው የውድድር ዳኞች ማኅበር የጋራ ደንብ የወጣውን ተጫዋች ጭምር ይመለከታል፤ የያዘውንም ሆነ የጣለውን ካርታ ይዘት ጨዋታው ሳያልቅ መናገር የለበትም። ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም። ሀ፣ ለ እና ሐ ሲጫወቱ ሀ ጥሎ ወጣ፤ ሲጥልም አንድ አስ ገልጦ አሳየ እንበል። ሐ አንድ አስ ይዞ ሌላ አስ እየጠበቀ ነው። የራሱን 2ና የመሃሉን 4 ካርታ ስላየ ያልታዩት 46 ናቸው፤ ከእነርሱ 3ቱ አስ ናቸው ብሎ ነበር፣ ማለትም 6.5 በመቶ። አሁን ከ45ቱ 2 ብቻ ቀሩ፣ 4.4 በመቶ። ሐ ይህን አውቆ ሊጥል ይችላል፤ በዚህ የተጠቀመው ወይም የተጎዳው ለ ምንም አላደረገም። በገንዘብ ጨዋታ፣ ሁለት ሰዎች ብቻ ሲቀሩ፣ አንዳንድ ቤቶች ነገሩን ያቃልሉታል፤ የሚጎዳ ሦስተኛ ሰው የለምና።

ሥነ ምግባሩ

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ብለፍ ራሱ ውሸት ነው ወይ ከሚለው ነው። አልበርት ካር የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1968 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ፖከር ከተራው ሕይወት የተለየ የራሱ ሥነ ምግባር እንዳለው፣ በጠረጴዛው ላይ እውነት ይነገራል ብሎ የሚጠብቅ ስለሌለ ብለፍ ውሸት እንደማይባል ጽፎ፣ የንግድ ሥራም እንዲሁ ነው ብሎ ተከራከረ። የንግዱ ክፍል ብዙ ተቃውሞ ገጥሞታል። ስለ ፖከር የተናገረው ግን በአመዛኙ ተቀባይነት አለው፤ ወደ ጠረጴዛው የመጣ ሁሉ ሊታለል ተስማምቶ መጥቷል፣ እርሱም ሊያታልል ይችላል።

ይህ ስምምነት ግን የሚሸፍነው ብለፉን ነው። ማሳየቱን ይሸፍናል ማለት አይቻልም። ካርታ ሲታይ ጨዋታው አልቋል፤ ገንዘቡም እጅ ለውጧል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ለቀጣዩ ጨዋታ ስልት ሊሆን ይችላል፤ ሰውን ማዋረድም ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱ አንድ ናቸው፦ ሁለት ካርታ ተገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።

ስልት ነው የሚሉት ወገኖች ንዴትም የጨዋታው አካል ነው ይላሉ። በንዴት ያለ ሒሳብ መጫወት በፖከር «ቲልት» ይባላል፤ ተጋጣሚን ቲልት ውስጥ መክተት ብዙ ገንዘብ ያመጣል፤ ራሱን መግዛት ያልቻለ ሰው ይክፈል የሚል ነው ክርክራቸው። በእኩል ችሎታ ባሉ ባለሙያዎች መካከል ይህ የሚያስነቅፍ አይመስልም። ሁለቱም የሚደረገውን ያውቃሉ፤ ነገ ተራው የሌላው ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ባለሙያ ባልሆነ ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። የቁማር ቤቱ ከየጨዋታው ድርሻውን ስለሚወስድ ተጫዋቾቹ በድምሩ ሁልጊዜ ከሳሪ ናቸው። በቋሚነት የሚያተርፍ ሰው የሚያተርፈው በቋሚነት ከሚከስሩት ነው። ለመዝናናት የመጣ ሰው ተሸንፎም ሊደሰት ይችላል፤ በሰው ፊት ተሞኝቶ ከሄደ ግን አይመለስም። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች ከጀማሪ ላይ የወሰዱትን ብለፍ አያሳዩም። ይህ ደግነት ነው ወይስ ገበያን መጠበቅ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱ ለጀማሪው ብዙ ለውጥ የለውም።

ከዚህም የከበደ ጉዳይ አለ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ የቁማር ሱስ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ የጠፋን ገንዘብ ለማስመለስ ተመልሶ መምጣት ነው። ብለፍ የታየበት ሰው የጠፋው ገንዘብ «የእኔ ነበር፣ በእጄ የያዝኩት ካርታ ይበልጥ ነበር» የሚል ማስረጃ በዓይኑ አይቷል። ካርታው ባይታይ ተሸንፌያለሁ ብሎ ሊነሳ ይችል የነበረ ሰው፣ ሲያይ ይቀመጣል፤ ከኪሱም ይጨምራል። ሱሰኛ መሆኑ በሚታይ ሰው ላይ ሆን ብሎ ይህን ማድረግን የጋራ ደንቡ በስም አይከለክለውም። የጋራ ደንቡ የሚቀጣው ስድብን፣ ዛቻንና ከልክ ያለፈ ወሬን ነው፤ ጸጥ ብሎ ካርታ መገልበጥ ከእነዚህ ውስጥ አይገባም። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እይታ ከባዱ የሥነ ምግባር ጥያቄ እዚህ ላይ እንጂ በብለፉ ላይ አይደለም።

ሌላው አከራካሪ ሁኔታ በውድድር ላይ ሦስተኛ ሰው ያለውን ቺፕ ሁሉ አስይዞ ሲጠብቅ የሚፈጠረው ነው። የቀሩት ሁለቱ በጎን ገንዘብ ሳይኖራቸው አንዱ በባዶ ካርታ አስይዞ ሌላውን ቢያስጥል፣ ያንን የሚጠብቀውን ሰው ከመውጣት ሊያድነው ይችላል። ይህን ብለፍ ማሳየት ጠረጴዛውን ያስቆጣል። ሁለቱ እንዲተባበሩ የሚያስገድድ ደንብ የለም፤ በግልጽ ተነጋግረው ቢተባበሩ ደግሞ ራሱ ጥፋት ነው። ቁጣው ግን አይቀርም።

ካሜራ ሲመጣ

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ብለፍን የሚያሳየው ተጫዋቹ ብቻ አይደለም። ከናዚ ጭፍጨፋ የተረፈው የአሻንጉሊት ነጋዴ ሄንሪ ኦረንስታይን የተጫዋቾችን የተደበቀ ካርታ ለተመልካች የሚያሳይ ካሜራ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ በ1999 በብሪታንያ ቴሌቪዥን «ሌት ናይት ፖከር» በተባለው ዝግጅት ካርታዎች ለተመልካች መታየት ጀመሩ።

እ.ኤ.አ. በ2003 በዓለም ውድድር ፍጻሜ የቴነሲው የሒሳብ ሠራተኛ ክሪስ መኒሜከር በሳሚ ፋርሃ ላይ በባዶ ካርታ ያለውን ሁሉ አስይዞ፣ ጥንድ 9 የያዘውን ፋርሃን አስጣለ። ሚሊዮኖች በቴሌቪዥን ካርታውን ስላዩ የዘመኑ ዝነኛ ብለፍ ሆነ። መኒሜከር 2.5 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። በዚያ ዓመት 839 የነበሩት ተወዳዳሪዎች በ2006 8,773 ደረሱ።

ካሜራው የራሱን ችግር አመጣ። ከ2008 እስከ 2016 የዓለም ውድድሩ የመጨረሻ ዘጠኝ ተጫዋቾች ከተለዩ በኋላ ፍጻሜው ለወራት ይዘገይ ነበር። በመሃሉ የቀደሙት ቀናት ጨዋታ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ስለዚህ ለፍጻሜ የቀረቡት ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው የተጋጣሚዎቻቸውን ብለፍ፣ ባለቤቶቹ ሊያሳዩ ያልፈለጉትን ጭምር፣ አንድ በአንድ ማየት ይችሉ ነበር። ብዙ ጊዜ በካሜራ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ከሌሎቹ ይልቅ ተጋለጠ፤ ይህንን ግን እርሱ አልመረጠውም።

ለኮምፒዩተር ምን ትርጉም አለው?

እ.ኤ.አ. በ1950 ሃሮልድ ኩን 3 ካርታ ብቻ ያለበት ትንሽ ፖከር ሠርቶ ሙሉ በሙሉ ፈታው። ጃክ፣ ንግሥትና ንጉሥ አሉ፤ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 1 ቺፕ አስቀድመው ያስቀምጣሉ፣ አንድ አንድ ካርታ ይወስዳሉ፣ 1 ቺፕም ማስያዝ ይችላሉ። በመፍትሔው ሁለተኛው ተጫዋች፣ መጀመሪያው ሳያስይዝ ካለፈ፣ በጃክ ከሦስት ጊዜ አንዱን ብለፍ ያደርጋል። ይህንን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ ለተጋጣሚው ቢሰጠው አይጎዳም፤ ተጋጣሚው አውቆትም ከ18 አንድ ቺፕ በአማካይ ከማጣት አያመልጥም። ለእንዲህ ዓይነቱ ተጫዋች ብለፍን ማሳየት ጉዳት የለውም፤ ቁጥሩ አስቀድሞ የታወቀ ነውና። ሚዛኑን ጠብቆ እስከተጫወተ ድረስ ተጋጣሚው ያየውን አምኖ ቢሳሳት ትርፍ ነው፣ ባይሳሳትም ኪሳራ የለም።

ትልቁን ጨዋታ በዚህ መንገድ ለመፍታት ብዙ ዓመታት ፈጅቷል። በ2015 የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሁለት ሰው የተገደበ ውርርድ ሆልደምን በተግባር የፈታ «ሴፊየስ» የተባለ ፕሮግራም አቀረቡ። በጥር 2017 በፒትስበርግ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው «ሊብራተስ» ከአራት ባለሙያዎች ጋር በ20 ቀናት 120,000 ጨዋታ ተጫውቶ በ1,766,250 ዶላር ዋጋ ቺፕ በለጠ። ከሁለት በላይ ሰዎች ሲጫወቱ ግን የኩን ዋስትና አይሠራም፤ በ2019 ስድስት ሰው ባለበት ጨዋታ ያሸነፈው «ፕሉሪበስ» ጥንካሬውን ያሳየው በንድፈ ሐሳብ ማረጋገጫ ሳይሆን በተግባር ነው። ሰዎች ደግሞ ከእነዚህ ፕሮግራሞች አንዱንም አይመስሉም፤ አንድ ጊዜ ያዩትን ካርታ ከመቶ ጊዜ አማካይ ይልቅ ያምናሉ፤ ብለፍ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሰባት-ሁለት ጨዋታ

ማሳየት ግዴታ የሚሆንበት አንድ ልማድ አለ። ተጫዋቾቹ አስቀድመው ተስማምተው፣ በ7 እና 2 ያሸነፈ ሰው ካርታውን ካሳየ ከእያንዳንዱ ተጫዋች የተወሰነ ሽልማት ይቀበላል። «ሃይ ስቴክስ ፖከር» በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ተለምዶ በየቤቱ ጨዋታ ይገኛል። ሽልማቱ ከብለፉ ትርፍ ላይ ስለሚጨመር በ7 እና 2 ብለፍ ማድረግ ያዋጣል፤ ሁሉም ይህን ስለሚያውቅ ደግሞ ከወትሮው በላይ ያሟላል። ብለፉ ሲታይ የሚከተለው ሳቅ ነው፤ የተታለለውም ሽልማቱን እየከፈለ አብሮ ይስቃል፣ ማሳየቱን አስቀድሞ ራሱ ተስማምቶበታልና።